31 ለ1 ሆኖ 13ኛ ሲድ? ከኮንፈረንስ ውጪ ያለው መርሐ ግብር በሴቶች ቅርጫት ኳስ ምርጫ ላይ ያለው ክብደት

ሪባውንድ
ሰላም ለሁላችሁ። የሴቶቹን የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ በቅርበት የምትከታተሉ አንድ ነገር አስረዱኝ። የኤንሲኤኤ (የአሜሪካ ኮሌጅ ስፖርት ማኅበር) ውድድር እ.ኤ.አ. በ2025ና በ2026 የ68 ቡድን ነበር። 31ዱ የኮንፈረንሳቸውን (ኮሌጆቹ የተቧደኑበትን ሊግ) ዋንጫ ወስደው በቀጥታ ገቡ፣ የቀሩትን 37 ኮሚቴው መረጠ። እዚህ ድረስ ግልጽ ነው። ግን እ.ኤ.አ. በ2024 ፌርፊልድ 31 አሸንፎ አንዴ ብቻ ተሸንፎ 13ኛ ሲድ (በውድድሩ ድልድል የሚሰጥ የደረጃ ቁጥር፣ 1ኛው ከሁሉ የተሻለ) ተሰጠው። በዚያው ዓመት ጎንዛጋ 30 አሸንፎ ሦስት ተሸንፎ፣ የኮንፈረንሱን ፍጻሜ እንኳ ለፖርትላንድ አስረክቦ፣ 4ኛ ሲድ ሆኖ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች በገዛ ሜዳው ተጫወተ። ሁለቱም ከትልልቆቹ ኮንፈረንሶች አይደሉም። ልዩነቱ ኖቬምበርና ዲሴምበር ላይ ከማን ጋር እንደተጫወቱ ብቻ ነው?

ነጥብ ቆጣሪ
«ብቻ» የምትለዋን አውጣትና፣ አዎ።

ጎንዛጋ ዲሴምበር 3 ቀን 2023 ስታንፎርድን 96 ለ78 አሸነፈ። ያ ስታንፎርድ በማርች 2ኛ ሲድ ሆኖ የገባ ቡድን ነው። ሦስት ወር ሙሉ ያቺ ጨዋታ ከጎንዛጋ ስም አጠገብ ተቀምጣ ሠርታለች። ለሉዊቪልና ለዋሽንግተን ስቴት መሸነፋቸውም ብዙ አልጎዳቸውም፤ ደካማ ቡድን ገጥመው አይደለም የተሸነፉት። ፌርፊልድ በበኩሉ ብቸኛ ሽንፈቱ ለቫንደርቢልት ነበር፤ ሽንፈቱ የሚያሳፍር አይደለም። ችግሩ ከዚያ ውጪ ባሉት 31 ድሎች ውስጥ ኮሚቴው ጣቱን የሚያሳርፍበት ስም ማጣቱ ነው። ፌርፊልድ በሚጫወትበት በማክ ኮንፈረንስ ውስጥ እንዲህ ያለ ስም አይገኝም፤ ስለዚህ ከውጭ ካልመጣ ከየትም አይመጣም።

ኮሚቴው ፊት የሚቀርበው ለእያንዳንዱ ቡድን የተዘጋጀ አንድ ገጽ ነው፣ የቡድን ሉህ በለው። በላዩ ላይ የኔት (ኤንሲኤኤ ቡድኖችን በስሌት የሚደረድርበት መለኪያ) ደረጃ፣ የአጠቃላይ መርሐ ግብር ጥንካሬ፣ ለብቻው ደግሞ ከኮንፈረንስ ውጪ ያለው መርሐ ግብር ጥንካሬ ይታያል። ከሥሩ ጨዋታዎቹ እንደ ተጋጣሚው ደረጃና እንደ ሜዳው በአራት ኳድራንት (እርከን፣ ባጭሩ ኳድ) ተከፍለው ይደረደራሉ። ሰው የሚያየው ከላይ ያለውን ቁጥር ነው፤ ክርክሩ የሚካሄደው ግን ከታች ባለው ዝርዝር ላይ ነው።

ትዕግስት_ዲሲ
ኳድራንቱን ካነሳህ አይቀር ቁጥሮቹን በደንብ ብታስቀምጥልን። ሰው ሁሉ ኳድ 1 የሚለው በሜዳ 30፣ በገለልተኛ ሜዳ 50፣ ከሜዳ ውጪ 75 ድረስ ነው እያለ ይጽፋል። ያ የወንዶቹ ነው።

ነጥብ ቆጣሪ
ልክ ነሽ፣ ይሄ ስሕተት ቴሌቪዥን ላይ ሳይቀር ይሰማል። የሴቶቹ ጠበብ ያለ ነው፦

ኳድ 1፦ በሜዳህ ከ1–25፣ በገለልተኛ ሜዳ ከ1–35፣ በተጋጣሚህ ሜዳ ከ1–45
ኳድ 2፦ 26–55፣ 36–65፣ 46–80
ኳድ 3፦ 56–90፣ 66–105፣ 81–130
ኳድ 4፦ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ

የጠበበበት ምክንያት ቀላል ነው። በሴቶቹ ጨዋታ ጥሩ ተጫዋቾች ላይኛው እርከን ላይ ተከማችተዋል፣ ያልተጠበቀ ውጤትም ከወንዶቹ ያነሰ ነው። 70ኛ ደረጃ ላይ ያለን ቡድን ሜዳው ድረስ ሄዶ ማሸነፍ ለወንዶች ኳድ 1 ድል ነው፤ ለሴቶች ኳድ 2 ነው።

ቦታው ምን ያህል እንደሚለውጥ እይ። 40ኛ ደረጃ ያለውን ቡድን በሜዳህ ብታሸንፍ ኳድ 2፣ በገለልተኛ ሜዳም ኳድ 2፣ አውቶቡስ ተሳፍረህ ሄደህ ብታሸንፈው ኳድ 1። 60ኛውን በሜዳህ ብትገጥም ኳድ 3 ነው፤ ሄደህ ብትገጥመው ኳድ 2። ያው ቡድን፣ ያው አርባ ደቂቃ።

ደግሞ ደረጃው በተጫወታችሁበት ቀን የነበረው አይደለም፤ በምርጫው እሑድ ያለው ነው። ኖቬምበር ላይ 20ኛ የነበረ ቡድን ጨዋታ አደራጇ ጉልበቷ ተጎድቶ ማርች ላይ 58ኛ ከሆነ፣ ያንተም ድል አብሮ ይወርዳል።

ዘንባባ
እኔ ይሄን ሁሉ አልቀበልም። ኤልኤስዩ (ሉዊዚያና ስቴት) በ2022–23 ምን ተጫወተ? የመጀመሪያዎቹን አምስት ጨዋታዎች በእያንዳንዱ 100 ነጥብና ከዚያ በላይ እያስቆጠረ ነው ያለፈው፤ ቤላርሚንን 125 ለ50። ከኮንፈረንስ ውጪ ከትልቅ ኮንፈረንስ የመጣ ተጋጣሚያቸው ኦሪገን ስቴት ነው። ከዚያስ? ዋንጫውን ወሰዱ፣ አይዋን 102 ለ85። መርሐ ግብር ማጠንከር የሚባለው ወሬ ነው።

ትዕግስት_ዲሲ
ዘንባባ፣ አንተ ዋንጫውን ታያለህ፣ እኛ የምናወራው ስለ ምርጫው ነው። ኤልኤስዩ 28 ለ2 ሆኖ ነው የገባው። ሁለቱ ሽንፈቶች ለሳውዝ ካሮላይናና በኤስኢሲ (በኮንፈረንሱ) ግማሽ ፍጻሜ ለቴነሲ ናቸው፣ ሁለቱም የሚያሳፍሩ አይደሉም። በተለመደው አካሄድ እንዲህ ያለ የኤስኢሲ ቡድን 1ኛ ወይም 2ኛ ሲድ ነው። የተሰጠው 3ኛ ነው። ያ ልዩነት የመጣው ከዚያው ከምትጠራው ከቤላርሚን ነው።

እርግጥ ከ2 ወደ 3 መውረድ ብዙም አያምም። ሁለቱም የመጀመሪያ ዙሮችን በሜዳቸው ነው የሚጫወቱት፣ እርስ በርሳቸውም የሚገናኙት በሦስተኛው ዙር ነው። በሴቶቹ ውድድር የሚያመው መስመር 4 እና 5 መካከል ያለው ነው። ከላይ ያሉት 16 ቡድኖች ሁለት ጨዋታ በሜዳቸው ያዘጋጃሉ፤ 17ኛው ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። ወንዶቹ ከመጀመሪያው ጀምሮ በገለልተኛ ሜዳ ስለሚጫወቱ ይህ ነገር እነሱ ዘንድ የለም። ስለዚህ ከኮንፈረንስ ውጪ ያለው መርሐ ግብር በሴቶቹ በኩል በሁለት ቦታ ይነክሳል፦ 16ኛው ላይና መግቢያው በር ላይ። መሃል ላይ ያለ፣ 7ኛ ወይም 8ኛ ሲድ የሚሆን ቡድን ብዙም አይሰማውም።

ሪባውንድ
እሺ ግን ኔት ይሄን አያስተካክልም ወይ? ደካማ ቡድን ካሸነፍክ ደረጃህ አይወርድም?

ነጥብ ቆጣሪ
አይወርድም፣ ነገሩ እሱ ነው። ኔት በሴቶቹ ከ2020–21 ጀምሮ ነው የቀድሞውን መለኪያ አርፒአይን የተካው። አርፒአይ ግማሽ ክብደቱን ለተጋጣሚዎችህ የማሸነፍ መጠን፣ ሩቡን ለተጋጣሚዎችህ ተጋጣሚዎች ይሰጥ ስለነበር ደካማ ቡድን መግጠም ብቻውን ይቀጣህ ነበር፤ 60 ነጥብ ብትበልጠውም። ኔት ሁለት ክፍል አለው። አንዱ ማንን የት እንዳሸነፍክ ይቆጥራል፤ ሌላው በየኳስ ይዞታው ያስቆጠርከውንና የተቆጠረብህን ወስዶ በተጋጣሚው ጥንካሬና በቦታው ያስተካክለዋል። በሁለተኛው ክፍል ላይ የነጥብ ልዩነት ጣሪያ የለውም።

ስለዚህ 330ኛ የሆነን ቡድን በ30 ማሸነፍ ሲጠበቅብህ በ70 ካሸነፍክ ቁጥርህ ከፍ ይላል። የኔት ደረጃው ያማረ፣ ከኮንፈረንስ ውጪ ያለው ጥንካሬው ግን ከ300 በታች የሆነ ቡድን በየዓመቱ አይጠፋም። ኮሚቴው ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን የሚያየው ይሄን ለመያዝ ነው። ኔት ለመደርደሪያ እንጂ ለመምረጫ አይደለም፤ 12ቱ አባላት ድምፅ የሚሰጡት ቡድንን ከቡድን እያነጻጸሩ ነው። ያንተ 30ኛና የሌላው 44ኛ ቢሆንም እሱ ሦስት የኳድ 1 ድል ካለውና አንተ ዜሮ ከሆንክ፣ እሱ ነው የሚገባው።

የድሮ አሠልጣኝ
ልጆች፣ የሒሳቡን ነገር ጥሩ አድርጋችሁ ይዛችሁታል። መርሐ ግብሩ ራሱ እንዴት እንደሚሠራ ላክልላችሁ።

ትልልቆቹ ኮንፈረንሶች ከ16 እስከ 18 የውስጥ ጨዋታ ይጫወታሉ፣ ቢግ ኢስት 20። ለውጭ የሚተርፈው ከ11 እስከ 15 ጨዋታ ነው። አይቪ ሊግ 14 ብቻ ነው የሚጫወተው፤ በ2025 ሦስት ቡድን አስገብቷል። ሃርቫርድ በዋንጫ፣ ኮሎምቢያና ፕሪንስተን በኮሚቴ ምርጫ።

12 ቦታ ላለውና በምርጫ ልገባ እችላለሁ ብሎ ለሚያስብ የመካከለኛ ኮንፈረንስ ቡድን እኔ የምመክረው አከፋፈል እንዲህ ነው። ሁለት ጨዋታ ከ1–40 ካሉት ጋር፣ በእነሱ ሜዳ፤ ወደ አንተ አይመጡም፣ አትለምናቸው። አንድ የበርካታ ቡድኖች ውድድር፣ ሁለት ወይም ሦስት የገለልተኛ ሜዳ ጨዋታ የሚሰጥ፣ ባሃማስ ወይም ካንኩን ወይም ፎርት ማየርስ። ከ50–110 ካሉ እኩዮችህ ጋር አራት ጨዋታ፣ ዘንድሮ አንተ ዘንድ ከሆነ በሚቀጥለው እነሱ ዘንድ በሚል ውል። የቀሩትን ሦስት አራት በሜዳህ ትጫወታቸዋለህ፣ ግን ከ130–200 ካሉት ውስጥ ምረጥ። ከ300 በታች አንድም አታስገባ።

የት ይበላሻል? አንደኛ፣ ጊዜው። የበርካታ ቡድኖች ውድድሮች ተሳታፊ ከዓመት በላይ ቀድሞ ይያዛል፤ የተናጠል ውሎች በጸደይና በበጋ ይፈረማሉ። ግን ቡድኖች በዝውውር መስኮት ስለሚፈርሱ ኤፕሪል ላይ 60ኛ ይሆናል ያልከው ቡድን አምስቱን ቋሚዎች አጥቶ ኖቬምበር ላይ 190ኛ ሆኖ ይመጣል። ስለዚህ ያለፈውን ዓመት ደረጃ ብቻ አትይ፤ የሦስት ዓመት አማካይ ውሰድ፣ ከዚያ ስንት ደቂቃ የተጫወቱ ልጆች እንደተመለሱ ቁጠር፣ አሠልጣኟ መቀየሯንም ጠይቅ። ሁለተኛ፣ በበርካታ ቡድኖች ውድድር ላይ የመጀመሪያውን ከተሸነፍክ ከደካሞቹ ጋር ነው የምትደለደለው። ከመፈረምህ በፊት በአሸናፊና ተሸናፊ የሚያልፍ ነው ወይስ ተጋጣሚዎቹ ቀድመው የታወቁ ናቸው ብለህ ጠይቅ። ለመካከለኛ ቡድን ሁለተኛው ይሻላል።

ሦስተኛውና ብዙ ሰው የሚስተው፣ ገንዘቡ ነው። ትልልቆቹ ደካማ ቡድን ወደ ሜዳቸው ሲጠሩ ክፍያ ይከፍላሉ። በሴቶቹ በኩል ክፍያው ከወንዶቹ በእጅጉ ያነሰ ነው፣ ግን ለትንሽ ኮሌጅ የጉዞ በጀቱን የሚሸፍን ነው። የስፖርት ክፍሉ ኃላፊ «ሦስት የክፍያ ጨዋታ አምጣ» ሲል አሠልጣኙ የሚያሸንፍባቸውን ሦስት ምሽቶች አሳልፎ ይሰጣል።

ትዕግስት_ዲሲ
ጋሼ እግዜር ይስጥልን። አንድ ልጠይቅዎ፦ ከ300 በታች ያለ ቡድን ከመጫወት ዲቪዚዮን ሁለት (አንድ እርከን ዝቅ ያለ) ቡድን መግጠም ይሻላል የሚሉ አሉ። እውነት ነው?

የድሮ አሠልጣኝ
በሒሳብ ደረጃ እውነት ነው ልጄ። ከዲቪዚዮን አንድ ውጪ ያለ ጨዋታ ኔት ውስጥ አይገባም፣ የመርሐ ግብር ጥንካሬንም አይነካም፤ ሉሁ ላይ ለብቻው ነው የሚጻፈው። 345ኛው ቡድን ግን ይቆጠራል። ችግሩ አንድ ቦታ ባከንሽ ማለት ነው፤ ካሉሽ ጥቂት ቦታዎች ላይ አንድ ብዙ ነው። ለልምምድ ያህል ከሆነ ከወቅቱ በፊት ኤግዚቢሽን (የማይቆጠር ጨዋታ) ተጫወቺ።

ነጥብ ቆጣሪ
ጋሼ «ከ130–200 ምረጥ» ያሉትን በቁጥር ላሳያችሁ፣ ምክንያቱም ሰው አይገባውም። አሥራ ሁለት ተጋጣሚ አለህ እንበል። ሦስቱ 5ኛ፣ 20ኛና 40ኛ ናቸው፣ ጠንካራ። ዘጠኙ በሙሉ 330ኛ አካባቢ። የደረጃቸው አማካይ 253 ይሆናል። ዘጠኙን ወደ 180ኛ ብትለውጣቸው አማካዩ 140 ነው። (የኤንሲኤኤ ስሌት የደረጃ አማካይ ብቻ አይደለም፣ ይሄ ለማሳየት ነው።)

አሁን ጥሩ ቡድን ከሆንክ 180ኛውንም 330ኛውንም በሜዳህ ታሸንፋለህ፤ የመሸነፍ ዕድልህ ብዙም አይለይም፣ ሁለቱም ኳድ 4 ናቸው። ሉሁ ላይ ግን አንዱ «ደፍሯል»፣ ሌላው «ሸሽቷል» ይላል። በነጻ የሚገኝ ነጥብ ማለት ይሄ ነው፤ ያላወቀ አሠልጣኝ በየዓመቱ ይጥለዋል።

ዘንባባ
እሺ ይሁን። ግን በተቃራኒው አስቡት፤ አጠንክሮ ተሸንፎ የቀረ የለም? ዩኮን በ2024–25 ከኖትርዳም፣ ከዩኤስሲ፣ ከቴነሲ ተጫውቶ ሦስቱንም ተሸነፈ። 31 ለ3 ሆኖ 2ኛ ሲድ። እነዚያን ባይጫወት 31 ለ0 ሆኖ 1ኛ ነበር።

ትዕግስት_ዲሲ
ቢግ ኢስት ውስጥ ሆኖ ያለ እነዚያ ጨዋታዎች 31 ለ0 ቢሆን ማን 1ኛ ያደርገዋል? 1ኛ ሲድ ላይ ለመወዳደር እንኳ ያበቃቸው ፌብሩዋሪ 16 ቀን ሳውዝ ካሮላይናን በሜዳዋ 87 ለ58 ማሸነፋቸው ነው። ያም ከኮንፈረንስ ውጪ የሆነ ጨዋታ ነው፣ በፌብሩዋሪ የተያዘ። ዩኮን ይህን ሆን ብሎ ነው የሚያደርገው፦ ኮንፈረንሱ ስለማይፈትነው ክረምቱ መሃል ላይ ትልቅ ጨዋታ ያስገባል።

የዚያው ዓመት ትክክለኛ ምሳሌ ግን ሌላ ነው። ዩሲኤልኤና ሳውዝ ካሮላይና ለአጠቃላይ አንደኝነት ተፋጠው ነበር። ዩሲኤልኤ ሁለት ተሸንፏል፣ ሁለቱም ለዩኤስሲ። ሳውዝ ካሮላይና ሦስት፦ ለዩሲኤልኤ፣ ለቴክሳስ፣ ለዩኮን። የሳውዝ ካሮላይና አሠልጣኝ ዳውን ስቴሊ መርሐ ግብራችን ይበልጣል ብላ በግልጽ ተከራከረች፣ ክርክሯም ባዶ አልነበረም። ግን ኖቬምበር 24 ቀን በዩሲኤልኤ ሜዳ በፖሊ ፓቪሊዮን ውስጥ ለዩሲኤልኤ 77 ለ62 የሚል ውጤት ተጽፎ ነበር። ፊት ለፊት ተገናኝተው አንዱ በ15 ካሸነፈ ኮሚቴው ምን ይበል?

ነጥብ ቆጣሪ
ያልተነሳ አንድ ነገር ልጨምር፣ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። ከጃንዋሪ በኋላ በኮንፈረንስ ውስጥ እያንዳንዱ ድል የሌላው አባል ሽንፈት ነው፤ ኮንፈረንሱ በድምሩ ከግማሽ በላይ ማሸነፍም ከግማሽ በታች መሸነፍም አይችልም። የኮንፈረንሱ ዋጋ የሚተመነው በኖቬምበርና ዲሴምበር ነው። አሥር ቡድን ያለው ኮንፈረንስ በውጭ ጨዋታዎቹ ጥሩ ከሠራ አራተኛው ቡድን 45ኛ ሆኖ ጃንዋሪን ይጀምራል፣ እሱን ሜዳው ድረስ ሄዶ ያሸነፈ ሁሉ ኳድ 1 ያገኛል። መጥፎ ከሠሩ ያው ቡድን 85ኛ ነው፣ እሱን ሜዳው ሄዶ ማሸነፍም ኳድ 3 ነው፤ ከዚያ በኋላ 18 ለ0 ብትሄድም አይታረምም።

በዚህ ምክንያት የመጨረሻው ደካማ አባል የሚይዘው መርሐ ግብር የአንደኛውም ጉዳይ ነው። ከ2025 ጀምሮ ደግሞ ሴቶቹም በውድድሩ ለሚጫወቱት ጨዋታ ለኮንፈረንሳቸው ገንዘብ ማምጣት ጀምረዋል፣ ለመጀመሪያው ዓመት 15 ሚሊዮን ዶላር ተመድቦ። ወንዶቹ ዘንድ ይሄ የቆየ ነው። ጎረቤትህ ደካማ ቡድን ስትሰበስብ አሁን ኪስህን ነው የነካችው።

የፌርፋክስ ልጅ
እዚህ ሰሜን ቨርጂኒያ ላለነው ጆርጅ ሜሰንስ? በ2025 አትላንቲክ 10ን አሸንፈው ለመጀመሪያ ጊዜ ገቡ፣ 27 ለ5። ዋንጫውን ባያሸንፉ ይመረጡ ነበር?

ትዕግስት_ዲሲ
የተሰጣቸው 11ኛ ሲድ ነው። 11 እና 12 በምርጫ የሚገቡት የመጨረሻዎቹ ቡድኖች የሚቀመጡበት መስመር ስለሆነ ጠርዙ ላይ ነበሩ ማለት ነው፤ በእርግጠኝነት ገቡ ለማለት የሚያስደፍር አይደለም። ከዚያው ኮንፈረንስ ሪችመንድን እይ። ግማሽ ፍጻሜ ላይ በሴንት ጆሴፍ ተሸነፈ፣ ግን በኮሚቴ ምርጫ 8ኛ ሲድ ሆነ፣ ጆርጂያ ቴክንም 74 ለ49 አሸነፈ። አሸናፊው ሴንት ጆሴፍ ደግሞ ቀረ፣ ደብሊውቢአይቲ ገባ። ይሄ በ2024 የተጀመረ፣ የቀሩት የሚጫወቱበት የ32 ቡድን ውድድር ነው።

ሪባውንድ
ብዙ ተምሬአለሁ። አንድ የቀረኝ፦ ዋብ የሚሉት አዲስ መለኪያ ምንድነው?

ነጥብ ቆጣሪ
ከገደቡ በላይ የተገኘ ድል ማለት ነው። ወንዶቹ በ2024–25፣ ሴቶቹ በ2025–26 ነው የያዙት። ጥያቄው ይሄ ነው፦ ባንተ መርሐ ግብር ላይ መግቢያው ጠርዝ ላይ ያለ ቡድን ቢጫወት ስንት ያሸንፍ ነበር፣ አንተስ ከዚያ በስንት በለጥክ?

እያንዳንዱ ጨዋታ ለብቻው ይሰላል። የጠርዝ ቡድን 95 በመቶ የሚያሸንፈውን ጨዋታ ካሸነፍክ 0.05 ታገኛለህ፤ ከተሸነፍክ 0.95 ታጣለህ። 20 በመቶ ብቻ የሚያሸንፈውን ካሸነፍክ 0.80፤ ብትሸነፍ የምታጣው 0.20 ነው። ዘጠኝ ደካማ ቡድን አሸንፈህ የምትሰበስበው ግማሽ ድል አይሞላም። የነጥብ ልዩነት አይገባበትም፣ ስለዚህ 125 ለ50 እዚህ ሚዛን ላይ ከ60 ለ58 አይበልጥም።

ከላይ ያሳየሁትን የአማካይ ችግርም ይፈታል፤ 180ኛውና 330ኛው እዚህ ላይ የሚለያዩት በመቶኛ ክፍልፋይ ነው። ግን ከኮንፈረንስ ውጪ ያለው ጥንካሬ ከሉሁ ላይ አልወጣም፣ ኮሚቴውም ማየቱን አልተወም። ስለዚህ የጋሼ ምክር እንዳለ ይሠራል።

የድሮ አሠልጣኝ
ሪባውንድ፣ ፌብሩዋሪ ላይ ኮሚቴው የጊዜው 16 ምርጦችን በይፋ ያወጣል። ያን ቀን ከ13 እስከ 20 ያሉትን ቡድኖች ሉህ ጎን ለጎን ክፈትና መጀመሪያ ኳድ 1 ድላቸውን፣ ቀጥሎ ከሜዳ ውጪ ያለውን ውጤት፣ ከዚያ ከኮንፈረንስ ውጪ ያለውን ጥንካሬ እይ። ኔትን መጨረሻ ላይ እይ። ከዝርዝሩ የቀሩት ለምን እንደቀሩ ራስህ ትናገራለህ።